«ወንድሜ ሳይፈረድበት 1 ዓመት ከ4 ወር ታሰረ፤ ዋስትና እንደገና መጠየቅ እንችላለን?»

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ወንድሜ ድሬ ባጃጅ ይነዳል። አምና ጥር ላይ ከቀፊራ ወደ ሳቢያን የጫነው ተሳፋሪ ሻንጣ ውስጥ ካናቢስ ተገኘና ሁለቱም ተያዙ። ክሱ አንቀጽ 525 ንዑስ 1 ይላል፤ ወንድሜ 2ኛ ተከሳሽ ነው። ዋስትና ጠይቀን ተከለከልን። ዐቃቤ ሕግ 5 ምስክር ቆጥሮ እስካሁን የተሰሙት 2 ናቸው። የቀሩት አልቀረቡም እየተባለ 7 ጊዜ ተቀጠረ። ሕንድ የተማረ የአክስቴ ልጅ ‹እዚያ የቅጣቱን ግማሽ የታሰረ ይለቀቃል› አለኝ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ አለ? ዋስትናውንስ ሁለተኛ መጠየቅ ይቻላል? እናታችን ‹ልጄ ከጫት ሌላ አያውቅም› እያለች ታለቅሳለች።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ይቻላል። ሁለተኛም ሦስተኛም መጠየቅ ይቻላል። ግን ያንኑ የድሮ ማመልከቻ ቀኑን ቀይራችሁ ብታስገቡ ያንኑ የድሮ መልስ ነው የምታገኙት። አዲስ ነገር ይዛችሁ መግባት አለባችሁ። ደግነቱ አዲስ ነገር አላችሁ፤ 1 ዓመት ከ4 ወር ራሱ አዲስ ነገር ነው። ነገሩ ያለው አቀራረቡ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት አውጪ። ዋስትናው የተከለከለበትን ትዕዛዝ ግልባጭ። አብዛኛው ቤተሰብ «ተከለከልን» ይላል እንጂ በየትኛው አንቀጽ እንደተከለከለ አያውቅም፤ እኔ ቢሮ የሚመጣው ከአሥሩ ስምንቱ እንደዚያ ነው። መዝገብ ቁጥሩን ይዘሽ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ሂጂና ጠይቂ። ትዕዛዙ ወይ አንቀጽ 63ን ይጠቅሳል ወይ አንቀጽ 67ን። ሁለቱም ያሉት በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

አንቀጽ 63 የሚያየው ሰውየውን ሳይሆን ክሱን ነው። የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው ወይ? የተበደለው ሰው ሊሞት ይችላል ወይ? ይሄን ነው የሚጠይቀው። አሁን የወንድምሽን አንቀጽ እይው። ዕፅ ማዘዋወርን የሚቀጣው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 525 ንዑስ 1 «ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት» ይላል። መነሻውን ተናግሮ ጣሪያውን ዝም አለ። ጣሪያው ካልተጻፈ ደግሞ ወደ ጠቅላላው ክፍል ነው የሚኬደው፤ አንቀጽ 108 ላይ ጽኑ እስራት በመደበኛው ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ተነስቶ «ይህ ወንጀል እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል፣ ስለዚህ 63 ዋስትናውን ይዘጋል» ይላል። ተከላካዩ ተነስቶ «ለባጃጅ ነጂ፣ የወንጀል ሪከርድ ለሌለው ልጅ፣ ማን ነው 15 ዓመት የሚፈርደው? ደግሞስ እዚህ ጉዳይ ላይ ሞተ ወይም ሊሞት ነው የሚባል ተበዳይ የታለ?» ይላል። አንቀጹ ቅጣቱንና የተበዳዩን ሞት በአንዲት «ና» አያይዞ ነው የጻፋቸው፤ ያቺ ፊደል ስንት ጠበቃ እንዳከራከረች ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተሟሉ ዋስትና አይከለከልም የሚል አለ፣ አንዱ ብቻ ይበቃል የሚል አለ። እናንተ በ63 የተከለከላችሁ ከሆነ ክርክራችሁ እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ለሙስና፣ ለሽብር የተለዩ አዋጆች አሉ፤ ዋስትናንም በራሳቸው መንገድ ያያሉ። ለዕፅ ወንጀል ብቻ ተብሎ ግን የተለየ የዋስትና ክልከላ የለም። «የዕፅ ክስ ዋስትና የለውም» የሚባለው የሰፈር ወሬ ነው። አንዳንድ መርማሪም ጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበት) ላይ እንደዚያ ሲል ሰምቻለሁ፤ እሱ ስላለው ሕግ አይሆንም።

አንቀጽ 67 ደግሞ ሰውየውን ነው የሚያየው። ሦስት ሥጋት ነው ያለው። ከተለቀቀ ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም፤ ሌላ ወንጀል ይሠራል፤ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል። በ67 ከሆነ የተከለከላችሁት፣ እንደኔ እንደኔ ዕድላችሁ ይሻላል። ለምን? ሥጋት በጊዜ ይቀየራላ። ያን ጊዜ ፖሊስ «ምርመራ አልጨረስኩም፣ የላብራቶሪ ውጤት አልመጣም፣ ምስክር ያባብልብኛል» ብሏል። አሁን ምርመራው አልቋል፣ ክስ ተመሥርቷል። ናሙናውም አዲስ አበባ ሄዶ ተመርምሮ ውጤቱ መዝገቡ ላይ ከተያያዘ ልጁ ቤቱ ሆኖ ሊያጠፋው አይችልም። 2 ምስክር ቃላቸውን ሰጥተዋል፣ ቃላቸው መዝገብ ላይ ነው። የቀሩት 3 ፖሊሶች ከሆኑ ደግሞ አንድ ባጃጅ ነጂ ፖሊስ እንዴት አድርጎ ያባብላል? ይሄን አንድ በአንድ ጻፉት። «ያኔ ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ግን» እያላችሁ።

የድሬ ነገር ሆኖ ሁሌ የሚነሳ አንድ መከራከሪያ አለ፤ «ጅቡቲ ቅርብ ነው፣ በደወሌ ይወጣል» የሚል። ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ቀድማችሁ መልሱት። ተወልዶ ያደገው የት ነው? የነዋሪነት መታወቂያውን፣ የቀበሌ ማስረጃውን፣ ሚስትና ልጅ ካለው የጋብቻና የልደት ወረቀቱን፣ የባጃጅ ማኅበሩ አባል ከሆነ የማኅበሩን ደብዳቤ አያይዙ። ራሳችሁ «ከአገር እንዳይወጣ ይታገድ» ብላችሁ ጠይቁ። ተከሳሽ ራሱ እገዳ ሲጠይቅ ዳኛው ቀና ብሎ ያያል፣ እመኚኝ።

ሁለተኛ ማመልከቻ ለምን ይጠቅማል የሚለው ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዋስትና ሲከለከል ይግባኝ ማለት የሚቻለው በ20 ቀን ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 75። የእናንተ 20 ቀን አምና አለፈ። አሁን በአዲስ ምክንያት አመልክታችሁ አዲስ እምቢታ ከተሰጠ ግን አዲስ ትዕዛዝ ነው፤ 20 ቀኑም ከዚያ ይቆጠራል። የከለከለው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ከሆነ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛው ከሆነ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ስለዚህ ሁለተኛው ማመልከቻ ብትሸነፉበት እንኳ ተዘግቶ የነበረውን የይግባኝ በር ይከፍታል። እምቢ በተባላችሁ ቀን ግልባጩን ጠይቁ እንጂ ቤት ገብታችሁ አትተክዙ። 20 ቀን በድሬ ሙቀት ሳይታወቅ ነው የሚያልቀው።

(ሐረር ያላችሁ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ የእናንተ መሥመር ትንሽ ይለያል። ድሬ የፌዴራል ፍርድ ቤት ችሎት አላት። ሐረር ላይ ግን የፌዴራል ጉዳይ በውክልና በክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው የሚታየው። የክልሉ ጠቅላይ በፌዴራል ከፍተኛ ሥልጣን፣ የክልሉ ከፍተኛ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን። ይግባኙን የት እንደምታስገቡ ከዚህ ተነሱ።)

ወደ ሕንዱ እንምጣ። የአክስትሽ ልጅ አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሕንድ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 479፣ ክሱ ሊያስቀጣው ከሚችለው ከፍተኛ ቅጣት ግማሹን ሳይፈረድበት የታሰረ ሰው በዋስ ይለቀቅ ይላል። የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነ እንዲያውም ሲሶው ይበቃል። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣውን ግን አይነካም። ይሁንና እዚያ ለዕፅ የተለየ ሕግ አለ፣ የእ.ኤ.አ. 1985 ሕግ፤ አንቀጽ 37ቱ ከእኛ 63 ይከፋል። የተያዘው «የንግድ መጠን» የሚባለው ከሆነ፣ ለምሳሌ 1 ኪሎ ሀሺሽ ወይም 20 ኪሎ ጋንጃ፣ ዳኛው ዋስትና ለመፍቀድ «ይህ ሰው ጥፋተኛ አይመስለኝም» ብሎ ማመን አለበት። ገና ምስክር ሳይሰማ! ስለዚህ ሰዉ እስር ቤት ውስጥ እየተረሳ ሄደ። በእ.ኤ.አ. 1994 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያንስ 10 ዓመት በሚያስቀጣ የዕፅ ክስ 5 ዓመት የታሰሩ ይለቀቁ አለ። በእ.ኤ.አ. 2023 ደግሞ ከ7 ዓመት በላይ ሳይፈረድበት የቆየን ተከሳሽ በዋስ ሲለቅ፣ ፍርድ ከልክ በላይ ከዘገየ አንቀጽ 37 ዋስትናን አያግድም አለ። 7 ዓመት! እኛ የምንቀናበት አይደለም።

ንጽጽሩ ግን አንድ ነገር ያሳያል። የእነሱ ሕግ በሩ ጠባብ ነው፣ ሰዓት ግን አለው። የእኛ በሩ ሰፋ ይላል፣ ሰዓት ግን የለውም። ክስ እስኪመሠረት ድረስ ሰዓት አለን፤ 48 ሰዓት ፍርድ ቤት ለማቅረብ፣ ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ፣ ዐቃቤ ሕግ የፖሊስ መዝገብ ከደረሰው በ15 ቀን ክስ እንዲያዘጋጅ። ክስ ከተነበበ በኋላ ግን «ይህን ያህል ወር ካለፈ ይለቀቅ» የሚል ቁጥር የለንም። ያለን ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 19 ንዑስ 6፣ የታሰረ ሰው በዋስ የመለቀቅ መብት አለው፣ የሚከለከለው በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ ነው ይላል። አንቀጽ 20 ንዑስ 1 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በተገቢ አጭር ጊዜ ውስጥ የመሰማት መብት ይሰጠዋል። እና «አጭር» ስንት ነው? የሚለካው መዝገቡ ላይ ነው፤ ቀጠሮው ለምን ተሰጠ፣ በማን ምክንያት፣ ስንት ጊዜ በሚለው።

ለዚህ ነው 7ቱን ቀጠሮ በአንድ ገጽ ላይ አውጪ የምልሽ። ቀኑ፣ ምን ሊሠራ ተቀጥሮ እንደነበር፣ ምን እንደሆነ፣ በማን ምክንያት እንደተሻገረ። ጠበቃችሁ «የደንበኛዬ ጉዳይ እጅግ ተጓቷል» ብሎ ቢጽፍ ዳኛው ሺህ ጊዜ ያነበበው ዓረፍተ ነገር ነው። «ከ7ቱ ቀጠሮ 5ቱ በዐቃቤ ሕግ ምስክር አለመቅረብ፣ 1 በአስተርጓሚ፣ 1 ዳኛ ባለመሟላቱ፣ በእኛ ምክንያት 0» ብሎ ቢጽፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺ 0 ናት ጉልበታችሁ። ከ7ቱ 3ቱን ያዘገያችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ ጠበቃ ቀይራችሁ ወይም መቃወሚያ አዘጋጃለሁ ብላችሁ፣ እሱንም ሳትደብቁ አስቀምጡ። ዐቃቤ ሕግ ማውጣቱ አይቀርም።

አስተርጓሚ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ድሬ ላይ ከ4 ተከሳሽ አንዱ ሶማሊኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማበት መዝገብ ብርቅ አይደለም። 1ኛ ተከሳሽ አስተርጓሚ ጠፍቶለት ሲቀጠር ወንድምሽም አብሮ ነው የሚቀጠረው። የሌላ ሰው ጉዳይ እየጎተተው ከሆነ መዝገቡ ተነጥሎ ይታይልን ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሁልጊዜ አይፈቀድም፣ መጠየቁ ግን መዝገብ ላይ ይቀራል።

ምስክሮቹን በተመለከተ። በዕፅ ክስ ምስክሮቹ ብዙ ጊዜ የያዙት ፖሊሶችና ሲፈተሽ የቆመ ታዛቢ ናቸው። ፖሊስ ይዛወራል። ታዛቢውም የመንገድ ሰው ነው፣ አድራሻው «ሳቢያን አካባቢ» ተብሎ ይጻፍና ማን ያገኘዋል? ዐቃቤ ሕግ ደጋግሞ «መጥሪያ አልደረሳቸውም» ሲል ዝም አትበሉ። መጀመሪያ «ታስረው ይቅረቡ» የሚል ትዕዛዝ ጠይቁ። እሱም ካልሠራ «የማሰማት መብቱ ታልፎ ባለው ማስረጃ ብይን ይሰጥልን» በሉ። ያኔ ፍርድ ቤቱ ወይ በ2ቱ ምስክር ብይን ይሰጣል፣ ወይም ብዙ ጊዜ እንደምናየው «ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ባገኘ ጊዜ ክሱን እንዲያንቀሳቅስ መብቱን ጠብቀን መዝገቡን ዘግተናል» ይልና ልጁ ይፈታል። ይሄኛው ነፃ መባል አይደለም፤ ክሱ ነገ ሊነሳ ይችላል። ግን ቤቱ ይገባል።

ብይኑ ራሱ ሌላ ዕድል ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤቱ ወይ «አልተረጋገጠም» ብሎ ያሰናብተዋል ወይ «ተከላከል» ይለዋል። «ተከላከል» ሲል ግን አንቀጹን ሊቀይረው ይችላል። ከማዘዋወር ወደ ቀለለ አንቀጽ ከወረደ የ63 ክርክር አብሮ ይወድቃል፤ በዚያኑ ቀን በቃል ዋስትና ጠይቁ። እኔ እንደዚያ ጠይቄ ዋስትናው የተፈቀደበት ጊዜ አለ፣ ግን ቤተሰብ ገንዘብ ሳይዝ መጥቶ፣ ቀኑም ዓርብ ስለነበር ልጁ እስከ ሰኞ አደረ። ስለዚህ በብይን ቀን ዋስ የሚሆን ሰው ይዛችሁ ኑ።

የወንድምሽ ጉዳይ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ሻንጣው የተሳፋሪ ነው። ባጃጅ ነጂ የተሳፋሪ ሻንጣ ፈትሾ አይጭንም። ማወቁን የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው። ዋስትና ላይ ግን ይሄን አታስረዝሙት፤ ዳኛው «ይሄን በመከላከያ ጊዜ ትሉታላችሁ» ይላል። አንድ መሥመር ይበቃል።

የዋስትናው ዓይነት። ሕጉ ይህን ያህል ብር የሚል ቁጥር የለውም። አንቀጽ 69 የክሱን ክብደት፣ የመቅረቡን ነገርና የተከሳሹንና የዋሱን አቅም ያይ ነው የሚለው። በተግባር ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ዋስ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጋር፣ የመኪና ሊብሬ፣ የቤት ካርታ አለ። አቅማችሁን እውነቱን ተናገሩ። ከአቅም በላይ ዋስትና ከክልከላ አይለይም፤ ከፍ ብሎ ቢወሰንባችሁ ይቀነስልን ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ የሚገባውን ይወቅ። ልጁ ቢጠፋ የሚከፍለው እሱ ነው። ዘመድ በይሉኝታ ፈርሞ በኋላ ሲታመስ አይቻለሁ።

አንዳንዱ «አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አስገቡ» ይላችሁ ይሆናል። እሱ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለተያዘ፣ 48 ሰዓት አልፎ ላልቀረበ ሰው ነው። ወንድምሽ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው ያለው፤ ጊዜና ገንዘብ አታባክኑበት። ችሎት በር ላይ ቆሞ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ሰውም ይመጣል። አቦ፣ እሱን አሳልፉት። ጠበቃ መክፈል ካቃታችሁ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፣ ችሎቱን «ተከላካይ ይመደብልን» ማለት ትችላላችሁ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ለእናትሽ ደግሞ ሁለት ነገር ንገሪያት። አንደኛ፣ ጫት ወንጀል አይደለም፣ ስለዚህ እሱን ዳኛ ፊት ባታነሳው ይሻላል። ሁለተኛ፣ እግዜር አያድርገውና ቢፈረድበት እንኳ የታሰረው 1 ዓመት ከ4 ወር ከቅጣቱ ላይ ይታሰብለታል። አመክሮም አለ፤ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ የፈጸመ ሊለቀቅ ይችላል።

አሁን ግንቦት ነው። ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ መደበኛው ሥራ የሚመለሰው ከመስከረም በኋላ ነው። ተረኛ ችሎት ዋስትና ያያል፣ ግን መዝገቡን የማያውቅ ዳኛ ነው የሚያገኛችሁ። ስለዚህ ሰኞ ጧት ሬጅስትራር ሄደሽ የእምቢታውን ትዕዛዝና የ7ቱን ቀጠሮ ግልባጭ አውጪ። ማመልከቻው ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ይግባ። 63 ይሁን 67 ካየሽ በኋላ ጻፊልኝ፤ የተጻፈውን ቃል በቃል፣ «እንዲህ ያለ መሰለኝ» ሳይሆን።